አዳማ ላይ ቤት ሳስጀምር፦ ብሩ የሚገባው ለየትኛው ባለሙያ ነው?

ዘንድሮ አዳማ የገባሁት ለጥምቀት ብቻ አልነበረም። ቤት ላስጀምር ነው። ቦታው ከተገዛ ቆይቷል፣ ካርታውም በስሜ ነው። ዴንቨር ተቀምጦ በስልክ የሚጀመር ነገር ስላልሆነ ግን እረፍቴን አጠራቅሜ መጣሁ። መሠረቱ ወጥቶ፣ ግሬድ ቢሙ፣ ማለትም ምሰሶዎቹን ከሥር የሚያያይዘው የኮንክሪት ማገር፣ ተሞልቶ ነው የተመለስኩት። በመሃል የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ከሹፌሩ እስከ ፎርማኑ እጽፋለሁ። እኔም ከመምጣቴ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ሁሉ ስለ ሪል እስቴትና ስለ አፓርታማ ነው፣ በራሱ ቦታ ላይ ከዜሮ ስለሚጀምር ሰው የሚያወራ አጣሁ።

የደረስኩበትን ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ቤት ሲጀመር ብሩ መሄድ ያለበት አፈር ለሚለብሰው ሥራ ነው። ግድግዳ ቢንጋደድ ይታያል። ቀለም ቢያስጠላ ይቀየራል። መሠረት ግን አንዴ ከተሸፈነ ምን እንደተሠራ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ከታች የማመሰግናቸውንም ቅር የተሰኘሁባቸውንም ሰዎች የለየኋቸው በአንድ ነገር ነው፦ ሥራቸውን ከመሸፈኑ በፊት አሳዩኝ ወይ?

ማረፊያና መንገድ ላይ አልቆይም። ከቦሌ አዳማ ያመጣኝ ሹፌር በዘመድ የተገኘ ነው። በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ነው የመጣነው፣ ዋጋውን ሳንነሳ ተነጋግረን ስለነበር ስንደርስ ጭቅጭቅ የለም። በኋላም ዕቃ ለማየት ሞጆና አዲስ አበባ መሄድ ሲያስፈልገኝ እሱኑ ጠራሁት። ያረፍኩት ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ንጹህ ነው፣ ውሃ አይጠፋም፣ የባጃጁ ድምፅ ግን ሌሊትም አያስተኛ። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይት ላይ መገኘት ላለበት ሰው ያን ያህል አያስጨንቅም።

ገንዘቡን በባንክ ነው ያመጣሁት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ እንደ ድሮው ባንክና ውጭ ያለው ዋጋ ሰማይና ምድር አይደለም። ለእኔ ከዋጋው ይልቅ የጠቀመኝ ግን ዱካው ነው። ለዕቃ አቅራቢ የከፈልኩት ሁሉ ከአካውንት ወደ አካውንት ነው፣ የቀን ሠራተኛ ደግሞ በቴሌብር። ማን መቼ ስንት ወሰደ የሚለው ነገር በቃል አይቀርም።

ውክልና ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው በቸልታ የሚያልፈው ነገር ስለሆነ። ውጭ አገር በኤምባሲ የተሠራ ውክልና እዚህ መጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ እኔ ደግሞ መምጣቴ ስለማይቀር እዚሁ በአካል ፈርሜ ለታናሽ ወንድሜ ልስጥ አልኩ። ሰነድ የሚያዘጋጁት ሰውዬ የተለመደውን ቅጽ አወጡ። ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ሁሉም አለበት። «ይህን ያውጡልኝ፣ ፈቃድ ለማውጣት፣ ለማስገንባት፣ ውሃና መብራት ለማስገባት የሚለው ይበቃል» አልኳቸው። ምንም ሳያንገራግሩ እንደገና ጻፉት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ይኸው ተለይቶ በልዩ ውክልና መጻፍ አለበት። ወንድሜን አላምነውም ማለት አይደለም። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «እህትህ ውክልና ሰጥታህ የለም እንዴ፣ ለምን አታስይዘውም?» ቢለው ወረቀቱን አሳይቶ የሚገላገልበት ነገር ይኑረው ብዬ ነው። እሱም ይህን ስነግረው ደስ አለው።

ፕላን። መጀመሪያ ያናገርኩት ቢሮ ገና ዴንቨር እያለሁ ነበር። በቴሌግራም የሚያማምሩ ሥዕሎች ላኩልኝ፣ ጣሪያው ላይ ሰገነት ያለው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ። ቦታውን ግን አላዩትም። «ካርታውን ፎቶ አንስተው ይላኩልን፣ እኛ እናስገባዋለን» ነው የሚሉት። ኋላ ስናጣራ ያው ፕላን ሌላ ከተማ ለሌላ ሰው የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ለቅድሚያ የጠየቁትን አልከፈልኩም፣ እዚያው ተለያየን።

ሁለተኛው አርክቴክት አዳማ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ቦታውን ሳላይ እርሳስ አላነሳም አለ። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ መጣና ቆሞ ነፋሱን አየ። አዳማን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በበጋ ከምሥራቅ በኩል የሚነሳው ነፋስ አቧራውን ይዞ ነው ቤት የሚገባው። የሳሎኑን ትልቅ መስኮት ከዚያ በኩል አነሳውና ደረጃውንና መታጠቢያ ቤቱን ወደ ነፋሱ አዞረው። ሰገነቱን ስጠይቀው «እናትዎ ሊቀመጡበት ነው የሚሠራው ያሉኝ፤ እናትዎ እዚህ ነፋስ ላይ ቡና አያፈሉም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እማዬ በዚያ ነፋስ ከሰል አቀጣጥላ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ሰገነቱ ቀርቶ ከኋላ በኩል በረንዳ ሆነ።

ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ፎቅ ስላለው የስትራክቸር ሥራውን፣ ማለትም የመሠረቱን፣ የምሰሶውንና የብረቱን ስሌት፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሊሠራው ይገባል። «ለአንድ ፎቅ ስትራክቸር ምን ያደርግልሻል፣ ፎርማኑ በልምዱ ይሠራዋል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፣ ዘመዶቼም አሉበት። ወረዳው ግን የጎደለ ነገር አይቀበልም፣ ደግ አደረገ። ደብዳቤውና ቅጹ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ወንድሜ አንብቦ ይጽፋል፣ እኔ ስጠይቅ ደግሞ በአማርኛ በትዕግሥት አስረዱኝ። በር ላይ ቆመው «እኔ ላስፈጽምልሽ» የሚሉ ሰዎች አሉ። አላስፈለጉኝም። ወረፋ ጠብቀን፣ የጎደለ ወረቀት ሲባል አምጥተን፣ ፈቃዱ ወጣ። ቀያሹም በቀጠረው ቀን መጥቶ የወሰን ድንጋዮቹን ጎረቤቶች ባሉበት አሳየን፣ ሁሉም አይተው ተስማሙ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የአፈር ምርመራ። በዚህ ጉዞ ከከፈልኩት ሁሉ ያልቆጨኝ ብር ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ከፍለህ የምትቀበለው ወረቀት ነው፣ ጡብ አይደለም፣ ሲሚንቶ አይደለም። ከባለሙያዎቹ ጋር የመጡት ልጆች ከቦታው ሁለት ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከላይ ያለው አመድ የመሰለ ቀላል አፈር ነው፣ በእጅ ስታፍሱት ይበናል። ከሥሩ ነጫጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ መውጣት ጀመረ። ባለሙያው አንዱን አንስቶ ለሲሚንቶ የቀረበ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣለው። ተንሳፈፈ። ድንጋይ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ሳይ ዝም አልኩ። ፑሚስ ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን በአካባቢው ሞልቷል።

«ደረቅ ሆኖ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል» አለኝ። «ችግሩ ውሃ ሲያገኝ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ቢያፈስ፣ ወይ ክረምት ጎርፍ ቢገባበት፣ ያ ልል አፈር ይሰምጣል፤ አንዱ ምሰሶ ሰምጦ ሌላው ሲቀር ነው ግድግዳ የሚሰነጠቀው።» አዳማ ደግሞ ዙሪያዋ ከፍታ ነው፣ ክረምት ላይ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን እንደሚሞላው ልጅ ሆኜም አውቃለሁ። ሪፖርቱ ሲመጣ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ ፉቲንጉ (ምሰሶው የሚቆምበት የኮንክሪት እግር) ልሉን አፈር አልፎ ጠንካራው ላይ እንዲያርፍ ጥልቀቱ እንዲጨምር። ሁለተኛ፣ ከወለል በታች ያለው ልል አፈር ወጥቶ በገረጋንቲ፣ ጠጠር ባለበት የሙሌት አፈር፣ እንዲሞላ፣ ያውም በየ20 ሳንቲሜትሩ ውሃ እየጠጣ እየተደቀደቀ። አርክቴክቱም ይህን አይቶ የመሬቱን ወለል ከመንገዱ ከፍ አደረገው። ቁፋሮው ጨመረ፣ ገረጋንቲው ጨመረ፣ ወጪው ጨመረ። ግን አውቄ የጨመርኩት ወጪ ነው።

የቁፋሮው ሰዎች ጥሩ ሠሩ። በእጅ ነው የቆፈሩት፣ ልኩን እየጠበቁ፣ የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ አርቀው እየጣሉ፤ ጠርዝ ላይ ከተከመረ ተንዶ ሰው ላይ ይወድቃል። ማሽን ያለው ሰው በአንድ ቀን ልጨርስልሽ ብሎ ነበር። አልፈለግሁም፣ ማሽን ከልኩ በላይ ቆፍሮ የተበጠበጠ አፈር ትቶ ይሄዳል፣ ያንን መልሶ መሙላት ሌላ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራከርኩ። ፎርማን አለሽ፣ ወንድምሽ አለ፣ ሌላ መሐንዲስ ምን ያደርግልሻል አሉኝ። እኔ በምኖርበት አገር የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ብረቱን አይቶ ሳይፈርም መሠረት ላይ ኮንክሪት አይፈስም። ያንን ነው የፈለግሁት። ከፎርማኑ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው፣ በእኔ የሚከፈል፣ ከእያንዳንዱ አርማታ በፊት መጥቶ የሚያይ ሰው። ውላችን አጭር ነው። እሱ በሳይት መዝገቡ ላይ ሳይፈርም ሚክሰር አይነሳም፣ ፎቶ በሜትር ተለክቶ ይላክልኛል፣ የሚከፈለውም በመጣበት ልክ ነው።

መሐንዲሱ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ የከረመውን አዳማ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ የካቲት ላይ የተመዘገበው 6 ደርሶ ነበር። እማዬ ያን ጊዜ ሌሊት እየደወለች «አልጋው ተነሣ ተቀመጠ» ስትለኝ እዚያ ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። መሐንዲሱ ታዲያ ምን አደረገ? የምሰሶዎቹ ስታፋ ላይ ሄደ። ስታፋ ማለት የቆሙትን ብረቶች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ፌሮ ነው። ፌራዮው (ብረት የሚያጥፈውና የሚያስረው ሠራተኛ) ጫፉን 90 ዲግሪ ብቻ አጥፎ ነበር ያሰረው፣ እንደ ሳጥን ክዳን። መሐንዲሱ አንዱን ፈታና በጣቱ ገፋው፣ ተከፈተ። «ሲንቀጠቀጥ ላዩ ያለው ሲሚንቶ ይረግፋል፣ ከዚያ ይኼ እንዲህ ይከፈታል፣ ከዚያ የቆመው ብረት ይጎብጣል።» ፕላኑ ላይ 135 ዲግሪ ነው የተጻፈው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ መሃሉ ያለውን ኮንክሪት መንከስ አለበት። እንደገና ከመታጠፍ ይልቅ አዲስ እንዲቆረጥ አዘዘ፣ አንዴ የታጠፈ ብረት ተመልሶ ሲታጠፍ ይደክማል ብሎ። ከምሰሶው ሥርና ራስ አካባቢም ስታፋው ይቀራረብ አለ።

ፎርማናችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ከተማ ስንት ቤት አቁሜያለሁ፣ አንዱም አልወደቀም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አዋቂ ናቸው። ግን መሐንዲሱ ሳያዋርዳቸው ቁጭ ብሎ በሽቦ እየሠራ ሲያሳያቸው፣ ነገር በዓይን ይገባል እንደሚባለው፣ ራሳቸው ተነሥተው ፌራዮውን «በል ልጄ፣ ፍታውና እንደገና» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ እየተጠራሩ ነው የሠሩት። ለእኔ የሁለቱ መስማማት ከብረቱ እኩል ዋጋ ነበረው።

ዕቃ አቅራቢዎች ላይ አስተያየቴ የተደባለቀ ነው። ፌሮ የገዛሁበት ሱቅ አስደስቶኛል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት ርዝመቱ 12 ሜትር ከሆነ አንዷ ከ10 ኪሎ ተኩል በላይ፣ ወደ 10.7 መመዘን አለባት፤ ባለ 16 ደግሞ ወደ 19 ኪሎ። መሐንዲሱ ይህን ጽፎ ሰጠኝና ሚዛን ላይ አስቀምጡልኝ አልኩ። ባለሱቁ አልተቆጣም፣ «ይመዘን፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግ ደስ ይለኛል» አለኝና ራሱ አነሳው። ልኩ ነበር። ቀጭን ብረት ወፍራም ተብሎ በሚሸጥበት ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነጋዴ ሲገኝ መያዝ ነው።

አሸዋው ላይ ግን ተበሳጨሁ። አንድ አቅራቢ ሲኖ ትራክ ሙሉ የሞጆ አሸዋ ብሎ ማታ ላከ። ለምን ማታ እንደሆነ ያወቅኩት ጠዋት ነው። በብርሃን ሳየው ጭቃ የበዛበት ነው። ጋሼ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ አስመጡና ግማሹን አሸዋ ሞሉት፣ ውሃ ጨመሩበት፣ ደህና አድርገው ናጡትና ጥላ ሥር አስቀመጡት። ከቆይታ በኋላ አሸዋው ሥር፣ ከላዩ ደግሞ ቡናማ ጭቃ ተነጥሎ ተቀመጠ፣ ንጥር ቅቤ ላይ እንደሚቀር አሰር ጥርት ብሎ ይታያል። በእኛ አገር ደረጃ የተፈቀደው ጭቃ 6 በመቶ ነው፤ የእኛው በዓይንም ከዚያ ይበልጣል። ጭቃ ያለበት አሸዋ ከሲሚንቶው ጋር አይያያዝም። ደውዬ ውሰድልኝ ስለው «አጥባችሁ ተጠቀሙበት» አለኝ። በኋላ ደግሞ የመኪናው ስፖንዳ (የጭነት ሣጥኑ) ሲለካ የከፈልኩበትን ሜትር ኩብ አይሞላም። ያ ቢያጆ (የአንድ መኪና ጭነት) ለአርማታ አልዋለም፣ ለሌላ ጉዳይ ተቀመጠ፣ ገንዘቡን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጭነት በቀን፣ ሳይራገፍ ተለክቶ፣ በጠርሙስ ታይቶ ነው የገባው። ሁለተኛው አቅራቢ ለዚህ ሁሉ ፈቃደኛ ነበር፣ ሾፌሩም እስኪለካ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል።

ሲሚንቶ ዋጋው ቢያስደነግጥም በሚፈለግበት ቀን መጣ። የቆርቆሮ እስቶር ሠርተን ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው አርቀን ደረደርነው፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ።

የአርማታው ቀን። ከጥምቀት በኋላ ነበር፣ በበዓሉ ሰሞን ሠራተኛ ስለማይገኝ ጋሼ አስቀድመው ነግረውኝ አሳልፈነው ነበር። ጠዋት ገና ሳይሞቅ መሐንዲሱ ጉድጓድ ለጉድጓድ ወረደ። ብረቱ ከሊኑ (ጉድጓዱ ሥር ቀድሞ ከፈሰሰው ስስ ኮንክሪት) በ5 ሳንቲ መነሣቱን፣ ከሥሩ የተደረገው ከሲሚንቶ የተሠራ ድጋፍ መሆኑን፣ ድንጋይ ወይም እንጨት አለመሆኑን አየ። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሌሊት አፈር ተንዶ ገብቷል፣ አስጠረገው። ከዚያ ፈረመ። ሚክሰሩ ተነሣ። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር፣ ሳጥኑም መሐንዲሱ ለክቶ ያሠራው ነው። ውሃው ነው የሚያጣላው። ኮንክሪቱ ሲወፍር ለሚሸከመው ሰው ይከብዳል፣ ስለዚህ ውሃ የሚያቀብሉት ልጆች ሲያዝኑላቸው ትንሽ ይጨምራሉ። ውሃ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል። ጋሼ ባልዲው ላይ በሚስማር ጭረው ምልክት አደረጉ፣ «ከዚህ ያለፈ ውሃ የሚጨምር ከእኔ ጋር አይሠራም» አሉ፣ ነገሩም አለቀ።

ካሪዮላ የሚገፉት፣ ባሬላ የሚሸከሙት፣ ጠጠር የሚያፍሱት ሴቶች፣ እነዚህን ሳላመሰግን አላልፍም። ከጠዋት እስከ ማታ ያለማቋረጥ ሠሩ፤ አርማታ ከተጀመረ መሃል ላይ አይቆምማ። እማዬና አክስቴ እንጀራ በምስር ወጥ ይዘው መጡ፣ በየተራ ነው የበሉት። ክፍያቸውን በዚያው ማታ ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ፣ በአለቃ በኩል አላደረግሁትም። እንደዚያ እንዲሆን የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው፣ ሌላ ቦታ ላይ በመሃል ገንዘብ እየተቀነሰባቸው ተቸግረዋል።

ከእያንዳንዱ ሙሌት ላይ ኪዩብ ተወሰደ፤ 15 በ15 በ15 ሳንቲ የሆነ የኮንክሪት ቁራጭ ነው፣ ላብራቶሪ ሄዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል። ፕላኑ የሚለው ሲ-25 ነው፣ የኮንክሪቱ የጥንካሬ ደረጃ ማለት ነው። የ28ኛው ቀን ውጤት እኔ ከተመለስኩ በኋላ በቴሌግራም መጣልኝ፣ ከተጠየቀው በላይ ነው።

ለአዳማ ሰው የምለው ነገር ደግሞ ውሃ ማጠጣት ላይ ነው። የከተማዋን ነፋስ አቅልላችሁ አትዩት። ዳር ላይ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት ሆነው የተተከሉት ነፋሱ የታመነ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ ትኩስ ኮንክሪት ላይ ሲነፍስ ውሃውን ይመጥጠዋል። ሲሚንቶ ደግሞ የሚጠነክረው ውሃ እያገኘ ነው፣ ሲደርቅ አይደለም። ከመሬት በላይ የወጡት የምሰሶ አንገቶችና ግሬድ ቢሙ በጆንያ ተጠቅልለው፣ ጆንያው በሲባጎ ታስሮ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ ይጠጣሉ። መሐንዲሱ ቢያንስ ለ7 ቀን ብሏል፣ እኛ ከዚያ አስረዘምነው። ነፋሱ ጆንያውን ገልጦት ሲሄድ እማዬ ከመንገድ ማዶ አይታ ራሷ ተሻግራ አለበሰችው።

ለዚህ ሁሉ ውሃ ያስፈልጋል። የአዳማ ቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ ነው የሚመጣው፣ እኛ አካባቢ ደግሞ በፈረቃ ነው። ሮቶ ተከልን፣ ቧንቧው በማይመጣበት ቀን የሚያመጣልን ባለ አህያ ጋሪ ልጅ አለ። ከቦቴው ይልቅ እሱን ነው የማደንቀው። ቦቴው «እየመጣሁ ነው» ብሎ ከሰዓት ይደርሳል፤ ጋሪው ግን ባለበት ሰዓት አለ፣ ጀሪካኑም ሙሉ ነው። ዘበኛችንም ጥሩ ሰው ናቸው፣ የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ ይመዘግባሉ፣ ፊርማቸው ከደረሰኙ ጋር አንድም ቀን አልተለያየም።

አሁን ሥራው ያለበት እዚህ ነው። የድንጋይ ግንቡ አልቋል፣ ግሬድ ቢሙ ጠንክሯል፣ ገረጋንቲው እየተሞላ እየተደቀደቀ ነው። ወንድሜ በየ20 ሳንቲው ሜትር አስይዞ ፎቶ ይልካል። ክረምቱ ሳይገባ የመሬቱን ወለል ለመሙላት ነው ሐሳባችን፤ ካልደረሰ ግን እርጥብ ገረጋንቲ ላይ አይሞላም ብለናል፣ መስከረም ይጠብቃል። ጋሼና መሐንዲሱ ለምሰሶውና ለስላቡ ይቀጥላሉ፣ የመሐንዲሱ ውል በዚያው አንቀጽ ታድሷል። ፌሮው ከዚያው ሱቅ ነው። የአሸዋው አቅራቢ ተቀይሯል፤ ለስላቡ የሚሆነው ቢያጆም ከአሁኑ ታዝዟል፣ በቀን ይመጣል፣ ጠርሙሱም እስቶሩ ውስጥ ተቀምጧል።